ፊሽካው ወጣቱ እጅ ሲገባ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከስፖርት ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ጨዋታ ውጤትና ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ግን አናወራም። የምንነጋገረው በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ሆነው የሰፈራቸውን ሕፃናት ሰብስበው ስለሚያሰለጥኑ ወጣቶች ነው።

እሑድ ማለዳ በአዲስ አበባ ጃን ሜዳ በኩል ያለፈ ሰው ያውቃቸዋል። በክልል ከተሞች የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ለጎል ቋሚ በቆመበት ባዶ ቦታ ሁሉ አሉ። አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ እጃቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኳስ፣ ከኋላቸው ደግሞ «ኮች! ኮች!» እያሉ የሚከተሉ ልጆች። አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ብዙ ጊዜ ከቤት «ሥራ ፈት ሆንክ፤ ከልጅ ጋር ስትሯሯጥ ትውላለህ» የሚል ወቀሳ ይሰማሉ። ሴት ከሆነች ደግሞ ወቀሳው ይብሳል።

ዛሬ ለእነዚህ ወጣቶች፣ ለወላጆቻቸውና ሜዳውን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጆችን የሚያሰለጥን ወጣት ለልጆቹ ከሚሰጠው ያላነሰ ለራሱ ይማራል። ትምህርቱ ግን በራሱ ጊዜ አይመጣም። ወጣቱ እውነተኛ ኃላፊነት ሲሰጠው፣ የሚያርመው ታላቅ ሲኖረውና የሠራውን ቆም ብሎ ሲመረምር ነው የሚመጣው። እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር እንመልከት።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ «የሕይወት ክህሎት» ስንል ምን ማለታችን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ አሥር መሠረታዊ የሕይወት ክህሎቶችን ዘርዝሯል። ለማስታወስ እንዲያመቻችሁ ጥንድ ጥንድ አድርገን እንጥራቸው። ውሳኔ መስጠትና ችግርን መፍታት። አዲስ መላ መፍጠርና ነገርን መርምሮ ማየት። ሐሳብን በአግባቡ መግለጽና ከሰው ጋር ተስማምቶ መሥራት። ራስን ማወቅና የሌላውን ስሜት መረዳት። በመጨረሻም ስሜትን መግዛትና ጭንቀትን መቋቋም።

እነዚህን አሥሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማር ይቻላል። ተማሪውም ሸምድዶ ለፈተና ሊጽፋቸው ይችላል። ነገር ግን «ቁጣን መቆጣጠር» የሚለውን ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ ማታ ከወንድሙ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚያደርግ ወረቀቱ አይነግረንም። ክህሎት የሚባለው በተግባር ሲደጋገም ነው። ሜዳ ላይ ያለ ወጣት አሰልጣኝ ደግሞ አሥሩም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ይፈትኑታል።

እስቲ አንዱን ከሰዓት በኋላ በዓይነ ኅሊናችን እንየው። ወጣቱ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው እንበል። ልምምዱ የሚጀምረው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሃያ አራት ልጆች ይመጣሉ፤ ኳሱ ግን ሦስት ብቻ ነው። ሃያ አራቱን ልጅ በአንድ መስመር አሰልፎ ተራ በተራ ጎል ላይ ቢያስመታቸው፣ አንድ ልጅ መትቶ እንደገና ተራው እስኪደርስ ሃያ ሦስት ሰው ይጠብቃል። ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ይገፋፋል፣ ድንጋይ ይወራወራል፣ ይሰዳደባል። ብልኅ አሰልጣኝ ምን ያደርጋል? ሜዳውን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ኳስና ስምንት ልጅ ያስቀምጥና አራት ለአራት ያጫውታቸዋል። ሃያ አራቱም ይሮጣሉ፤ ሁሉም ኳስ ይነካሉ፤ የሚጣላም ይቀንሳል።

ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ወጣቱ ግን ያንን ለማድረግ ከቤቱ ሳይወጣ ማሰብ ነበረበት። ስንት ልጅ ይመጣል? ስንት ኳስ አለ? ዝናብ ቢመጣስ? ማሟሟቁ ስንት ደቂቃ፣ ቅብብሉ ስንት ደቂቃ፣ ግጥሚያው ስንት ደቂቃ? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሳያቅድ የመጣ አሰልጣኝ ሰዓቱን የሚጣሉ ልጆችን በመገላገል ይፈጀዋል። አቅዶ የመጣው ግን ባለው አነስተኛ ነገር ሥራውን ይሠራል። ነገ ሱቅ ቢከፍት ወይም ቢሮ ቢቀጠር የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ያለውን ሀብት፣ ያለውን ጊዜና ያለውን ሰው አመጣጥኖ ማሠራት።

ቀጥሎ የሚመጣው የአንደበት ፈተና ነው። አንድ ልጅ ኳስ ሊያቀብል ሲል ለተጋጣሚው ሰጠ። ወጣቱ አሰልጣኝ ከአፉ የሚወጣውን ለመምረጥ ሁለት ሰከንድ አለው። «ምን ሆነሃል? ዓይን የለህም እንዴ?» ሊለው ይችላል። ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ ለቀሩት ደቂቃዎችም ኳስ ወደ እርሱ እንዳትመጣ ይሸሻል። ወይም ደግሞ፣ «ጎበዝ፣ ቀና ብለህ ጓደኛህን ማየትህ ጥሩ ነው። አሁን በእግርህ ውስጠኛ ጎን ምታት፤ ቀጥ ብላ ትሄድልሃለች» ሊለው ይችላል። በሁለተኛው አነጋገር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ልጁ በትክክል የሠራውን ማየት፣ ስሕተቱን ልጁን ሳያዋርዱ መንገር፣ የሚታረምበትንም መንገድ ማሳየት። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረታችን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የመልካም ምኞት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን የሆኑት ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል፣ የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን ለረጅም ዓመታት ሜዳ ላይ ተቀምጠው ተከታትለዋል። አሰልጣኙ ልጅ ሲሳካለት ምን እንደሚል፣ ሲሳሳት ምን እንደሚል አንድ በአንድ መዘገቡ። ከዚያም ለተወሰኑ አሰልጣኞች አጭር ሥልጠና ሰጡ። የሥልጠናው ፍሬ ነገር አሁን የነገርኳችሁ ዓይነት ነው፦ ጥረትን አመስግኑ፤ ስሕተት ሲመጣ አበረታታችሁ አስተምሩ፤ ማዋረድና መቅጣት ይቅር። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው ጥናታቸው በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ማን እንደተመለሰ ቆጠሩ። ሥልጠናውን ባላገኙ አሰልጣኞች ሥር ከነበሩት ልጆች 26 በመቶው ስፖርቱን ትተዋል። ሥልጠናውን ባገኙት ሥር ከነበሩት ያቋረጡት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ልዩነቱ የመጣው ከአዲስ ሜዳ ወይም ከአዲስ ማሊያ አልነበረም። አሰልጣኙ ልጁን ከሚያናግርበት መንገድ ነው።

ወጣቱ አሰልጣኝ ይህን አነጋገር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ በደርዘን ለሚቆጠሩ ልጆች ሲደጋግመው፣ አንደበቱ ይገራል። ታናሽ እኅቱን ሲያስጠና፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሲነጋገር፣ ነገም ልጅ ወልዶ ሲያሳድግ ያው የተገራ አንደበት አብሮት ይኖራል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ደግሞ ወደ ሦስተኛው ፈተና እንሂድ፤ ብዙ ወጣት የሚፈራው ይህንን ነው። ግጥሚያ አልቋል። አንድ ልጅ ሙሉውን ጨዋታ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀምጦ ዋለ። አባቱ ተቆጥተው ወደ ወጣቱ ይመጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ የእኔን ልጅ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታስቀምጠው? ከማን ያንሳል?»

ወጣቱ ሆዱ ውስጥ እሳት ይነዳል። ያለ ክፍያ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ነው። ነገር ግን የሚናገሩት በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውም ቆሞ እየሰማ ነው። በደንብ የተገራ ወጣት እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ዛሬ ሳይጫወት መዋሉን እኔም አይቻለሁ። ልምምድ ላይ ጎበዝ ነው፤ ሁለት ቀን ግን ቀርቷል፣ ደንባችን ደግሞ የመጣ ቅድሚያ ይሰለፋል የሚል ነው። በዚህ ሳምንት ከመጣ እሑድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይገባል። እርስዎም መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል።»

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ተመልከቱ። ስሜትን መግዛት አለ። ታላቅን ማክበር አለ። ደንብን ማስረዳት አለ፤ ለመቼ ምን እንደሚደረግ ቃል መግባትም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣቱ ቀድሞ ግልጽ ደንብ ባያወጣ ኖሮ ይህን መልስ መስጠት አይችልም ነበር። ጓደኛውን ወይም የአጎቱን ልጅ እያዳላ የሚያሰልፍ አሰልጣኝ በአባትዬው ፊት አፉ ይተሳሰራል። ስለዚህ ፍትሐዊ መሆን ለወጣቱ ጋሻው እንደሆነ በተግባር ይረዳል። ቃሉንም መጠበቅ አለበት፤ እሑድ ሲመጣ ልጁን ካላስገባው፣ የዚያን ቀን ሁለት ሰው ያጣል፣ አባትንም ልጅንም።

ሌላም ስውር ፈተና አለ፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከ15 ዓመት በታች በተባለ ውድድር ላይ ጢም ያበቀለ ተጫዋች ማሰለፍ በብዙ ቦታ የተለመደ ችግር ነው። ችግሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በወንዶች ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ እስከ መመርመር ደርሷል። የሰፈር ውድድር ላይ ኤምአርአይ የለም። የሚመረምረው የአሰልጣኙ ኅሊና ነው። «ሌላው ቡድን ስለሚያደርገው እኔስ ለምን አላደርገውም?» የሚለውን ሐሳብ አሸንፎ በእውነተኛ ልጆቹ ተሰልፎ የተሸነፈ ወጣት፣ ነገ ሰነድ ላይ እንዲፈርም ሲገፋፋ እምቢ ለማለት ጉልበት ይኖረዋል። ልጆቹም አይተውታልና ከእርሱ ይማራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አገራችን የስፖርት ታሪክ እንለፍ። በአርሲ ዞን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ ልጆችን ማልደው እያስነሱ ማስሮጥ ጀመሩ። በእጃቸው ካለፉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኙበታል።

ይህን ታሪክ ሁሌም ከሯጮቹ በኩል ነው የምንሰማው። ዛሬ ከአሰልጣኙ በኩል እንየው። በአንድ ትንሽ ከተማ የሚሠራ አሰልጣኝ ጎበዝ ልጅ ባፈራ ቁጥር ልጁን ያጣዋል። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ክለብ ይገባል፣ ብሔራዊ ቡድን ይደርሳል፤ በቴሌቪዥን የሚታየው ሌላ አሰልጣኝ አጠገብ ቆሞ ነው። የበቆጂው አሰልጣኝ በማግስቱ ተነሥቶ ምንም ከማያውቅ ከአዲስ ልጅ ጋር ከዜሮ ይጀምራል። በሌላው ስም ለሚጠራ ድል መድከም፣ ተማሪ ሲበልጥህ ከልብ ደስ መሰኘት፣ የትላንቱን ድል ትቶ የዛሬውን ጀማሪ ማክበር፤ እነዚህ በዕድሜ ብቻ የማይመጡ የብስለት ምልክቶች ናቸው። ዛሬ የሰፈሩን ልጅ ለተሻለ ቡድን «ሂድ፣ ይቅናህ» ብሎ የሚሸኝ ወጣት ይህንኑ መንገድ መጀመሩ ነው።

ሁለተኛው አርአያችን አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ ቡድኑን በአሰልጣኝነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ የአፓርታይድ ሥርዓት የነበረባት ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ እንድትገለል ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱም ናቸው። ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሰው ያስተባበረ ሰው፣ በኋላ የአንድን አህጉር ፌዴሬሽኖች በአንድ ዓላማ ለማስተባበር ቆመ። አሰልጣኝነት አመራርን የሚያስተምር ትምህርት ቤት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሕይወት ማግኘት ይከብዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከጎረቤታችን ኬንያም የምንማረው አለ። በናይሮቢ ማታሬ የሚባል፣ በድህነቱ የታወቀ የተፋፈገ ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ቦብ መንሮ የተባሉ ካናዳዊ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበርን መሠረቱ። ሰፈሩ በቆሻሻ የተሞላ፣ የፍሳሽ መውረጃው የተደፈነ ነበር። ማኅበሩ ያወጣው ደንብ ያልተለመደ ዓይነት ነው። ቡድን ሜዳ ላይ ሲያሸንፍ ነጥብ ያገኛል፤ ወጥቶ ሰፈሩን ሲያጸዳም ነጥብ ያገኛል። በግጥሚያ አንደኛ ሆኖ ከጽዳት የሚቀር ቡድን ደረጃው ይወርዳል። ዳኞቹ ከቢጫና ከቀይ ካርድ ሌላ አረንጓዴ ካርድ ይይዛሉ፤ እርሱም በጨዋታው በመልካም ሥነ ምግባር ለታየው ተጫዋች የሚሰጥ ነው።

ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ያንን ሊግ የሚያንቀሳቅሱት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። የትናንቱ ተጫዋች ዛሬ የሕፃናት አሰልጣኝ፣ ዳኛ ወይም የቀጠናው ኮሚቴ አባል ይሆናል። ለሰጠው አገልግሎት ነጥብ ይያዝለታል፤ ብዙ ነጥብ ያገኙት የትምህርት ቤት ክፍያቸው ይሸፈንላቸዋል። ከዚያው ማኅበር የበቀለው ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። ስለ ጽዳት፣ ስለ በጀት፣ ስለ ደንብና ስለ ፍትሕ የተማሩት በስብሰባ አዳራሽ ስለተነገራቸው ሳይሆን ውሳኔው በእጃቸው ስለነበረ ነው። ወጣት ኃላፊነትን የሚለምደው ኃላፊነት ሲሰጠው ነው።

ሌላው ምሳሌ ከአሜሪካዋ ቺካጎ ነው። ዶን ሄሊሰን የተባሉ የስፖርት ትምህርት ምሁር፣ ችግር በበዛባቸው ሰፈሮች ከሚኖሩ ወጣቶች ጋር ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ያወጡት አሠራር አምስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ ራስን ተቆጣጥሮ የሌላውን መብት ማክበር። ሁለተኛ፣ ሳይሰለቹ መጣር። ሦስተኛ፣ ሌላው ሳያዝ ራስን መምራት። አራተኛ፣ ሌሎችን መርዳትና መምራት። አምስተኛው ደግሞ እነዚህን አራቱን ከሜዳ አውጥቶ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሠፈር ማድረስ ነው። በሄሊሰንና በባልደረቦቻቸው አሠራር፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያደጉ ታላላቆች ታናናሾቹን እንዲያሰለጥኑ ይደረጋል። አራተኛውን ደረጃ በንግግር ሳይሆን በሥራ ያልፉታል ማለት ነው።

አምስተኛው ደረጃ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነውና። ሜዳ ላይ ታጋሽ የሆነ ወጣት ቤቱ ሲገባ በእናቱ ላይ ሊጮህ ይችላል። ሜዳ ላይ በሰዓቱ የሚገኝ፣ ለቀጠሮ ሊዘገይ ይችላል። ክህሎት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በራሱ አይሻገርም። የሚያሻግረው ሰውየው ቆም ብሎ «ይህን ሌላ ቦታም ልጠቀምበት እችላለሁ» ብሎ ሲያስብ ነው። ስለዚህ በሄሊሰን አሠራር እያንዳንዱ ልምምድ የሚያበቃው በውይይት ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ዛሬ ራሳቸውን እንዴት እንደያዙ ይናገራሉ። አሰልጣኙም እንደዚያው።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ስፖርት ሁሉ፣ አሰልጣኝነትም ሁሉ መልካም ጠባይ አያወጣም። ሕፃናትን የሚሳደብ፣ የሚመታ፣ ለማሸነፍ ሲል የተጎዳ ልጅ የሚያስሮጥ፣ ከዳኛ ጋር ለመደባደብ የሚጋበዝ አሰልጣኝ አለ። እንዲህ ያለው ወጣትም ይማራል፤ የሚማረው ግን ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ነው። ስለዚህ ፊሽካውን ከመስጠት ጋር መከታተልም ያስፈልጋል። አንድ በሥራው የሚከበር ታላቅ አሰልጣኝ በየጊዜው መጥቶ ይመልከት፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወጣቱን ለብቻው ጠርቶ ያርም። ሁሉም ወላጅ መጥቶ ማየት የሚችልበት ክፍት ቦታ ላይ ልምምድ ይደረግ። አሰልጣኝ ከአንድ ሕፃን ጋር ለብቻው በተዘጋ ቦታ እንዳይቆይ የሚል ደንብ ይኑር። ይህ ሕፃኑንም ወጣቱንም ይጠብቃል።

ስለ ሴት ወጣቶችም አንርሳ። ብዙ ሴት ልጆች ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ከሜዳ ይቀራሉ። ሜዳው ላይ ሴት አሰልጣኝ ሲያዩ ግን ቤተሰብም ይረጋጋል፤ ልጅቷም «ለእኔም ቦታ አለ» ትላለች። አሰልጣኟም ብትሆን በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወንዶችንም ሴቶችንም ስትመራ፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማታገኘውን የመሪነት ልምድ ታገኛለች። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ሮጣ ብቻ አልቀረችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወጣት አድማጮቻችን፣ ይህን ሰምታችሁ «እኔስ ከየት ልጀምር?» ለምትሉ ጥቂት ምክር እንስጥ።

መጀመሪያ፣ በትንሹ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ ሃምሳ ልጅ አትሰብስቡ፤ አሥር አሥራ ሁለት ይበቃል። የየልጁን ስም በመጀመሪያው ሳምንት አጥኑ። ስሙ የሚታወቅ ልጅ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ከሥሩ የምትማሩበትን አንድ አሰልጣኝ ፈልጉና ረዳት ሁኑ። ኮን መደርደር፣ ኳስ መንፋት፣ ስም መጥራት እንደ ትንሽ ነገር አይታይ፤ የሥራው መግቢያ በር ነው። ሲያመች ደግሞ በክልላችሁ ወይም በከተማችሁ ፌዴሬሽን በኩል የሚሰጠውን የመጀመሪያ ደረጃ የአሰልጣኝነት ኮርስ ጠይቁ። በእግር ኳስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ዲ ላይሰንስ የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ከዚያ ሲ፣ ቢ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ውሰዱ። የልጅ ቁርጭምጭሚት ሲዞር የሚደነግጥና የሚያውቅ አሰልጣኝ እኩል አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ከወላጆች ጋር ተነጋገሩ። ልምምድ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይወቁ። ልጅ በትምህርቱ ወደኋላ ከቀረ የመጀመሪያው ጠያቂ እናንተ ሁኑ። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል፤ ኳስ የሚችለውን ብቻ ሳይሆን የሚያስቸግረውንም፣ የሚያለቅሰውንም ተቀበሉ።

አራተኛው ምክር ከሁሉም ይበልጣል፤ ደብተር ያዙ። በየልምምዱ መጨረሻ ሦስት ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። ዛሬ ምን ተሳካልኝ? የትኛው ልጅ ሳላየው ቀረ? ዛሬ ሜዳ ላይ ካደረግሁት ውስጥ ነገ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የማደርገው የትኛውን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ነው ክህሎቱን ከሜዳ የሚያወጣላችሁ። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሥራ ፈልጋችሁ ስትቀርቡ «ስፖርት እወዳለሁ» ብሎ መጻፍ ለቀጣሪው ምንም አይነግረውም። «ለሁለት ዓመት ሃያ ልጆችን በሳምንት ሦስት ቀን አሰልጥኛለሁ፤ የልምምድ ዕቅድ አወጣለሁ፤ ከወላጆች ጋር ስብሰባ እመራለሁ፤ የቡድኑን መዋጮ እይዛለሁ» ብሎ የሚናገር ወጣት ግን መረጃ ይዞ ቀርቧል። የምትሉት ግን እውነት መሆን አለበት፤ ደብተሩም ይመሰክርላችሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ወይም ልጃችሁን የሚያሰለጥነው ወጣት ሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ የባከነ አይደለም። ይልቁንም ሄዳችሁ እዩት። እንዴት እንደሚናገር፣ እንዴት እንደሚያስታርቅ፣ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሆን ተመልከቱ። መልካም ሲሠራ ካያችሁት «ጎበዝ፣ በርታ» በሉት፤ ሲያጠፋም በጥሞና ንገሩት።

የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የወረዳ ስፖርት ኃላፊዎችም ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ብዙ ማድረግ ይችላሉ። ቅዳሜና እሑድ የሜዳውን በር ክፈቱላቸው። ለወጣቶቹ ዕውቅና የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የአካባቢውን ውድድር ስታዘጋጁ ደንቡን ሲያወጡ፣ ሲዳኙና መርሐ ግብር ሲይዙ እነርሱም ይኑሩበት። ማታሬ ላይ የሠራው እዚህም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የሕይወት ክህሎት በተግባር እንደሚገኝ፣ አሰልጣኝነትም ዕቅድን፣ የተገራ አንደበትን፣ ፍትሕንና ስሜትን መግዛትን የሚያስለምድ ሥራ እንደሆነ ተመልክተናል። ይህ ሁሉ የሚሆነውም ወጣቱን ስናምነው፣ ስናርመውና የሠራውን እንዲመረምር ስናግዘው መሆኑን አይተናል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ እነሆ። ወጣት ከሆናችሁ በሰፈራችሁ ልጆችን ወደሚያሰለጥን አንድ ሰው ሂዱና «ላግዝህ» ወይም «ላግዝሽ» በሉ። ወላጅ ከሆናችሁ የልጃችሁን አሰልጣኝ ስም ጠይቁ፤ አግኝታችሁም ተዋወቁ። ሜዳ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ ለወጣቶቹ የሚሆን ሰዓት መድቡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)